ከባዱን የቤዝ ካቢኔት በቀላል ለመተካት፦ ክብደቱ ከምን ላይ እንደተቀነሰ አይቶ መምረጥ

መሃል አዲስ አበባ ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው መድረክ ላይ ሳይሆን ደረጃ ላይ ነው። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ አዳዲሶቹ መንገዶች ዳር እንደልብ መኪና ማቆም የለም። ዕቃ የሚወርደው ራቅ ብሎ ነው። የሚጫወትበት ቤት ወይ ከምድር በታች ነው፣ ወይ ሦስተኛ ፎቅ። መብራት ከጠፋ ሊፍት የለም። ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ያው ሸክም ይደገማል፣ በደከመ ወገብ።

45 ኪሎ የሚመዝን ካቢኔት (የቤዙ ስፒከሮች ያሉበት ሳጥን) እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ወገብ አንዴ ከሄደ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ቀላል ካቢኔት መፈለግ ስንፍናም ቅንጦትም አይደለም። የሙያ ጉዳይ ነው።

ምርጫው ላይ ግን ብዙ ሰው ሚዛኑን ብቻ አይቶ ይወስናል። ከዚያ በፊት ልትጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ክብደቱ ከምን ላይ ነው የተቀነሰው? ከማግኔቱ ከሆነ ድምፁ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ከእንጨቱ ከሆነ እንደ አሠራሩ ነው። ከሳጥኑ መጠን ከሆነ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል፣ ማምለጫም የለውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ በየደረጃው መመለሻ ነው።

1. መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የሰው ክብደት የሚለካውን የቤት ሚዛን መሬት ላይ አድርጉ። ጣውላ ደልድላችሁ ካቢኔቱን በጎኑ አቁሙበት። አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው የድሮ ካቢኔት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ቢመዝን አትደነቁ። አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኤስቪቲ አምፕሊፋየር ጋር ያወጣው ባለ ስምንት ስፒከር ካቢኔት፣ ዛሬም በሚሠራው ሞዴሉ፣ 63 ኪሎ ገደማ ነው። ያ ካቢኔት የሮክን የቤዝ ድምፅ የቀረፀ ዕቃ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን የተሠራው ዕቃ ጫኝ ሠራተኞችና የጭነት መኪና ላላቸው ባንዶች ነው።

ከዚያ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ስንት ኦም ነው (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ)? ስንት ዋት? ገመዱ የሚሰካው በጃክ ነው ወይስ ጠምዝዞ በሚቆልፈው ስፒኮን? እነዚህን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ ከድሮው ካቢኔት የምትወዱትን ነገር ጻፉ። «ታችኛው ኢ (ወፍራሙ ክር) ሲመታ ሆድ ውስጥ ይሰማል» ወይም «ድምፁ ከከበሮው ጋር አይደባለቅም» ብላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ አስፍሩት። አዲሱን ስትሞክሩ ይህች ወረቀት ከሻጩ ንግግር የበለጠ ትጠቅማችኋለች።

2. የት ነው የምትጫወቱት?

ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ ወይም ሆቴል መድረክ ላይ ሙሉ ሳውንድ ሲስተም ካለ፣ የቤዙ ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ የመስመር መውጫ ተነስቶ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል። ሕዝቡ የሚሰማው ከትልልቆቹ ስፒከሮች ነው። የእናንተ ካቢኔት ሥራው ለእናንተና ለከበሮ መቺው መሰማት ብቻ ነው። ለዚህ አንድ ባለ 12 ኢንች ወይም ሁለት ባለ 10 ኢንች ያለው፣ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን ካቢኔት ይበቃል። ከዚያ በላይ ተሸክሞ መግባት ለራስም ለሳውንድ ማኑም ችግር ነው፤ መድረኩ ላይ ድምፅ ሲበዛ እሱ ሕዝቡ ዘንድ የሚደርሰውን መቆጣጠር ያቅተዋል።

ትንሽ ክለብ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ቤት ሳውንድ ሲስተሙ ድምፃዊውንና ኪቦርዱን ብቻ ይይዛል። ቤዙ በራሱ ካቢኔት ቤቱን መሙላት አለበት፣ ያውም ከሙሉ ድራም ጋር። እዚህ አንድ ትንሽ ካቢኔት አይበቃም። ሥራችሁ በብዛት እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ከወዲሁ ሁለት ካቢኔት አስቡ።

ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ (አብዛኛው የከተማችን ሙዚቀኛ እንዲህ ነው) የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ አንድ ትልቅ ቀላል ካቢኔት ከመግዛት ሁለት አንድ ዓይነት ትንንሽ ካቢኔቶች ግዙ። ለትንሹ ሥራ አንዱን፣ ለትልቁ ሁለቱን። አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላኛው ይዛችሁ ደረጃ ስትወጡ ሚዛናችሁ አይዛባም። ገንዘቡ ካልሞላ ዛሬ አንዱን ገዝቶ ሁለተኛውን በሌላ ጊዜ መጨመር ይቻላል። ሞዴሉ ከገበያ እንዳይጠፋ ግን ብዙ አትዘግዩ።

3. ኪሎው ከየት ይመጣል?

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሻጭ ሊያታልላችሁ የሚችለውም፣ እናንተ ልትነቁበት የምትችሉትም እዚህ ጋ ነው።

ትልቁ የክብደት ምንጭ የስፒከሩ ማግኔት ነው። ድሮ ሁሉም ማለት ይቻላል ፌራይት በሚባል ማግኔት ነበር የሚሠራው። ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስና የጃፓኑ ሱሚቶሞ በየፊናቸው የኒዮዲሚየም ማግኔትን አወጡ። ኒዮዲሚየም በጣም ትንሽ ሆኖ ያንኑ ጉልበት ይሰጣል። ፌራይት ያለው ባለ 10 ኢንች የቤዝ ስፒከር 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲመዝን፣ ኒዮዲሚየም ያለው ግማሹን ያህል ነው። አራት ስፒከር ባለው ካቢኔት ላይ ይህ ብቻውን 8 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ድምፁን የሚወስነው በኮይሉ (ስፒከሩን በሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) ዙሪያ ያለው የማግኔት ጉልበት እንጂ የብረቱ ክብደት አይደለም። ስለዚህ እዚህ ላይ የተቀነሰ ኪሎ ንጹሕ ትርፍ ነው። ኒዮዲሚየም ሙቀት ላይ ከፌራይት ደካማ መሆኑ እውነት ነው፤ ጥሩ አምራቾች ግን ሙቀቱን የሚያስወጣ አሠራር ይጠቀማሉ። ያላቅሙ ካላስጮሃችሁት ሥጋት አይሁንባችሁ።

ሁለተኛው እንጨቱ ነው። አራት ስፒከር የሚይዝ ሳጥን ሁሉም ጎኑ ሲደመር 1.6 ካሬ ሜትር ያህል እንጨት ይፈልጋል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ኮምፔንሳቶ በካሬ 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሳጥኑ ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። 12 ሚሊ ሜትር የፖፕላር ኮምፔንሳቶ ቢሆን በካሬ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ሳጥኑ ከ9 ኪሎ ብዙም አያልፍም። 11 ኪሎ ልዩነት በእንጨት ብቻ! ኤምዲኤፍና ቺፑድ ደግሞ ከበርች ብዙም አይቀሉም። ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ብሎን ደጋግሞ ሲፈታባቸው ይላላሉ። ዕቃ ሁልጊዜ ለሚያጓጉዝ ሰው አልመክርም።

ቀጭን እንጨት ግን በራሱ ይንቀጠቀጣል። ስፒከሩ ሲመታ ጎኑም አብሮ ይመታል፣ የማትፈልጉት እምም የሚል ድምፅ ይጨመራል። መድኃኒቱ ውስጡን ከጎን ወደ ጎን በደጋፊ እንጨቶች ማሰር ነው። በደንብ የታሰረ 12 ሚሊ ሜትር ሳጥን፣ ምንም ካልታሰረ 18 ሚሊ ሜትር ሳጥን ይልቅ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ውድ ቀላል ካቢኔትና ርካሽ ቀላል ካቢኔት በአብዛኛው የሚለያዩት እዚህ ነው።

ሦስተኛው የሳጥኑ መጠን ነው። በስፒከር ሥራ ውስጥ የሆፍማን የብረት ሕግ የሚባል ነገር አለ። ትንሽ ሳጥን፣ ወፍራም ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ነው የምታገኙት። ትንሽ ሳጥን ይዞ ጥልቅ ቤዝ የሚሰጥ ካቢኔት ብዙ ዋት ይበላል። ትንሽ ሳጥን ይዞ በትንሽ ዋት የሚጮህ ደግሞ ታችኛውን ድምፅ ትቶታል። «ሦስቱም አለው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑት።

ምሳሌ ብትፈልጉ የጣሊያኑ ማርክቤዝ አራት ባለ 10 ኢንች ካቢኔት፣ ስታንዳርድ 104 የሚባለው፣ 26 ኪሎ ገደማ ነው። ስፒከሮቹ ኒዮዲሚየም ናቸው። ከድሮ 45 ኪሎ ካቢኔት ጋር አስተያዩት፤ የተሸከማችሁት ትርፍ ክብደት ከማግኔትና ከወፍራም እንጨት የመጣ መሆኑ ይታያችኋል።

4. የኮን ስፋት ቁጠሩ

ኮን ማለት አየር የሚገፋው የስፒከሩ ፊት ነው። አንድ ባለ 10 ኢንች ስፒከር አየር የሚገፋበት ስፋት 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለ 12 ኢንች 530፣ ባለ 15 ኢንች 855 ገደማ። እስቲ ደምሩ። አራት ባለ 10 ኢንች 1400 ይሆናል። ሁለት ባለ 12 ኢንች 1060። አንድ ባለ 15 ኢንች 855። ሁለት ባለ 10 ኢንች 700።

ከአራት ባለ 10 ወደ አንድ ባለ 12 የወረደ ሰው ከ1400 ወደ 530 ነው የወረደው። ስፒከሩ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ልዩነቱ ክለብ ውስጥ ይሰማል። ሁለት ባለ 12 ግን በቂ ቅርበት አለው፤ ዘመናዊ ስፒከሮች ኮናቸው ወደፊትና ወደኋላ ረጅም ርቀት ስለሚሄድ የጎደለውን ስፋት ያካክሳሉ። ለዚህ ነው ሁለት ባለ 12 የቀላል ካቢኔት ምርጥ ልኬት ነው የምለው።

«15 ኢንች ነው ወፍራም ቤዝ ያለው፣ 10 ኢንች ቀጭን ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ድምፁን የሚወስነው የስፒከሩ አሠራርና ሳጥኑ እንጂ ኢንቹ ብቻ አይደለም።

ባለ አምስት ክር ቤዝ የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ታችኛው ኢ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ነው፣ ታችኛው ቢ ደግሞ 31 ኸርዝ ገደማ። አብዛኛው የቤዝ ካቢኔት እዚያ ድረስ በሙሉ ጉልበት አይወርድም፣ ከባዱም ጭምር። ጆሯችን ኖታውን የሚለየው በአመዛኙ በ60 እና በ80 ኸርዝ ካለው፣ አብሮት ከሚወጣው እጥፍ ድምፅ ነው። ስለዚህ ካታሎግ ላይ «እስከ 30 ኸርዝ» የሚል ቁጥር አያጓጓችሁ። በጆሮ ሞክሩ።

5. ኦሙን ሳታስተካክሉ ገንዘብ አትክፈሉ

ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች አብረው ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ኦም 2 ኦም ይሆናሉ። አንድ ባለ 4 እና አንድ ባለ 8 ወደ 2.7 ኦም ይወርዳሉ። የዛሬዎቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች አብዛኞቹ ከ4 ኦም በታች እንዲወርዱ አልተሠሩም። ስለዚህ ወደፊት ሁለተኛ ካቢኔት ልትጨምሩ ካሰባችሁ የመጀመሪያው 8 ኦም ይሁን። አንድ ካቢኔት ብቻ ለዘለዓለም ይበቃኛል ካላችሁ 4 ኦም ያለው ከአምፕሊፋየሩ ሙሉ ጉልበት ያወጣል።

ፌንደር ራምብል 500 ኮምቦ (አምፕሊፋየርና ስፒከር በአንድ ሳጥን) ይህን በደንብ ያሳያል። ውስጡ ባለው ስፒከር ብቻ 350 ዋት ይሰጣል፤ ሌላ 8 ኦም ካቢኔት ሲጨመርበት 500 ይሆናል። (16.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ አምፕሊፋየርም ለሌለው ሰው ካቢኔት ብቻ ከመፈለግ ኮምቦ ማየት ሊያዋጣው ይችላል።)

የቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየር ያላችሁ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ጀርባው ላይ ያለው የኦም መምረጫ ከአዲሱ ካቢኔት ጋር ይገጣጠም። ካቢኔት ሳይሰካ ደግሞ በፍጹም አታብሩት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

6. ዋትና የከፍታችን ጉዳይ

ካቢኔት ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለው ነው እንጂ የሚጮህበት መጠን አይደለም። የሚጮህበትን የሚነግራችሁ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው፦ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ማለት እጥፍ ዋት ማለት ነው። 100 ዴሲቤል የተጻፈበት ካቢኔት በ250 ዋት የሚሠራውን፣ 97 የተጻፈበት በ500 ዋት ነው የሚሠራው። በአንጻሩ አንድ ዓይነት ሁለተኛ ካቢኔት ስትጨምሩ እስከ 6 ዴሲቤል ልታገኙ ትችላላችሁ፣ አምፕሊፋየሩ 4 ኦምን በደንብ የሚገፋ ከሆነ። የሁለት ካቢኔት ነገር ላይ ችክ ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው የእኛ ከተማ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስፒከር የሚሠራው አየር በመግፋት ስለሆነ፣ ኮኑ እኩል እየተንቀሳቀሰ የሚወጣው ድምፅ ወደ 2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የሳሳ አየር ኮይሉን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። ስለዚህ ካታሎጉን ስታነቡ ትንሽ ትርፍ ያዙ። «ልክ ይበቃኛል» ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ ልክ ላይበቃ ይችላል።

7. ሙከራ፦ በራሳችሁ ቤዝ፣ በራሳችሁ አምፕሊፋየር

ያለ ሙከራ አትግዙ። የራሳችሁን ቤዝና አምፕሊፋየር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ በሚያቀርበው ትልቅ አምፕሊፋየር የተሞከረ ካቢኔት ቤት ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። የአምፕሊፋየሩን ባስ፣ ሚድልና ትሬብል መሃል ላይ አድርጉ። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ካለው የጀርባውን ቁልፍ ግማሽ ላይ አቁሙ።

ድምፅ ከመስማታችሁ በፊት ሳጥኑን አንኳኩ። የጀርባውን መሃል በጣት አንጓ ቆርቆር አድርጉት። አጭር፣ ደረቅ «ጠክ» ካለ ውስጡ በደንብ ታስሯል። «ዱምም» ብሎ ከረዘመ ጎኑ ልል ነው፣ መድረክ ላይም እንዲሁ ይረዝማል። ጎኖቹን፣ ላዩንና ታቹን ሁሉ እንዲሁ አንኳኩ። ከዚያ የአየር መውጫ ቀዳዳ ካለው በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከስፒከሩ ኋላ ሰፊ ጠፍጣፋ ቀለበት ካያችሁ ፌራይት ነው። ትንሽ፣ ከኮይሉ ብዙም የማይሰፋ ክብ ነገር ከሆነ ኒዮዲሚየም ነው። ደጋፊ እንጨት መኖሩንም በዚያው ታያላችሁ። «ኒዮ ነው» ተብሎ ፌራይት የገባበት ካቢኔት እንዳይሸጥላችሁ ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ትጠብቃችኋለች።

አሁን ተጫወቱ። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታት) እና ፈጣን ጣት ለማሳየት ጊዜ አታጥፉ። የምትሠሩበትን ሙዚቃ ተጫወቱ። ለአብዛኞቻችን ይህ ችክችካ ነው። በስድስት ስምንተኛው ምት ታችኛው ክር ላይ አጭር፣ የተቆረጡ ኖታዎች ደጋግሙ። ጥሩ ካቢኔት ኖታው ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል። መጥፎው ጭራ ያበቅላል፣ የሚቀጥለው ኖታ በፊተኛው ላይ ይደርባል። ችክችካ ላይ ይህ ጭራ ምቱን ይገድለዋል። ከበሮ ባለበት ባንድ ደግሞ ከታች ያለውን ወፍራም ቦታ ከበሮው ይዞታል። ቤዙ ተለይቶ የሚሰማው ከ100 እስከ 300 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ባዶ የሆነ ካቢኔት ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲሰማ ያምራል፣ ባንድ መሃል ግን ይጠፋል።

ቀጥሎ ትዝታ ላይ አንድ ረጋ ያለ መስመር ተጫወቱ፣ ረጃጅም ኖታ። ከታችኛው ኢ ጀምራችሁ ፍሬት በፍሬት እስከ 12ኛው ውጡ። ሁሉም ኖታ እኩል ይሰማል? አንዱ ኖታ ብድግ ብሎ ከጮኸ ወይም ከጠፋ፣ ክፍሉ ነው ወይስ ካቢኔቱ የሚለውን ለመለየት ካቢኔቱን ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጉና ድገሙት። አብሮ ከሄደ የካቢኔቱ ነው።

በመጨረሻ ቮልዩሙን መድረክ ላይ ወደምትጠቀሙበት ልክ አውጡት። ባለሱቁን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጉ፤ ትንሽ መንቀጥቀጥ ያለ ነው፣ እጅ የሚያሳክክ ከሆነ ግን ሳጥኑ ቀጭን ነው። ኮኑ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካወጣ ከአቅሙ አልፏል፣ ወዲያው ቀንሱ። ጓደኛ ይጫወትላችሁና ከስድስት ወይም ሰባት ሜትር ርቃችሁ አዳምጡ። ሕዝቡ የሚሰማው እዚያ ነው።

8. ያገለገለ ከሆነ

ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። የካቢኔቱን መሰኪያ ለኩ፤ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7 ገደማ ያሳያል፣ 4 ኦም የተባለው 3 አካባቢ። ከዚህ በጣም ከራቀ ወይ አንዱ ስፒከር ተቃጥሏል፣ ወይ በሌላ ተቀይሯል። ኮኑን ዙሪያውን በጣቶቻችሁ እኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ያለ ድምፅ ገብቶ መውጣት አለበት። ፍግፍግ የሚል ከሆነ ኮይሉ ተጎድቷል። የስፒከሩን ዳር ላስቲክና ጨርቅ መሰንጠቁን እዩ። ሁሉም ስፒከር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

9. ከውጭ ሲመጣ

ብዙዎቻችን ዕቃ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ እጅ ነው። ቀላል ካቢኔት እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው። የብዙ አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው፣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ደግሞ 158 ሴንቲ ሜትር። አንድ ባለ 12 ኢንች ቀላል ካቢኔት ከነካርቶኑ በዚህ ውስጥ በደንብ ይገባል። ባለ አራት ስፒከሩ አይገባም። ሁለት ትንንሽ ካቢኔቶች በሁለት ሰው ሊመጡ ይችላሉ። የትኬቱን ልክና የጉምሩክ ቀረጡን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

አምፕሊፋየር የሌለው ካቢኔት የመብራት ጉዳይ የለበትም። አምፕሊፋየሩንም አብራችሁ የምታስመጡ ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን እዩ። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ እዚህ 220 ላይ አትሰኩት።

የመኪናም ነገር አለ። ሜትር ይዛችሁ የምትጓዙበትን መኪና ለኩ። በስልክ የምንጠራው ታክሲ ብዙ ጊዜ ቪትዝ ነው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውም ጠባብ ነው። ሾፌሩ የኋላ ወንበር እንዲያጥፍላችሁ ሳትለምኑ፣ ካቢኔቱ በኋላ በር ገብቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ከቻለ ትልቅ እፎይታ ነው።

10. አዲስ ሳይገዙ ማቅለል

የድሮው ሳጥን ጥሩ ከሆነ ስፒከሮቹን ብቻ በኒዮዲሚየም መቀየር ይቻላል። የአሜሪካው ኢሚነንስ እንዲህ ያሉ ስፒከሮችን ለየብቻ ይሸጣል። ነገር ግን ማንኛውም ስፒከር ለማንኛውም ሳጥን አይሆንም። እያንዳንዱ ስፒከር ከሚፈልገው የሳጥን መጠንና የቀዳዳ ርዝመት ጋር መገጣጠም አለበት። ቁጥሮቹን በነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ማስላት ይቻላል፤ ሳታሰሉ አትግዙ።

አናጢ ማሠራትም ይቻላል፣ ከተማችን ውስጥ እጃቸው የተባረከ አናጢዎች አሉ። ለአናጢው ንድፍ ስጡት፣ «እንዲህ ያለ ሥራልኝ» ብላችሁ ፎቶ ብቻ አታሳዩት። ቺፑድ እንዳይጠቀም ንገሩት። ቀላል ኮምፔንሳቶ፣ በኮላና በብሎን የተያያዘ፣ ውስጡ የታሰረ። መጋጠሚያው ሁሉ አየር የማያሳልፍ ይሁን፤ ትንሽ ክፍተት ቤዝ ሲመታ ያፏጫል። መያዣ እጀታዎቹን ከክብደቱ መሃል ትንሽ ከፍ አድርጎ ይግጠም።

የበጀት ነገር ከከበደ ጥሩ ጎማ ግጠሙ። ጎማ ለጠፍጣፋ መንገድ እንጂ ለደረጃ አይሆንም፣ ይሄን አትርሱ።

11. የመጀመሪያው ሌሊት

ሁለቱን ካቢኔቶች ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ አቁሙ። ላይኛው ወደ ጆሯችሁ ይቀርባል፣ ድምፁም ወደ ግራና ቀኝ እኩል ይሰራጫል። አንድ ብቻ ከሆነ መሬት ላይ ሆኖ ፊቱ ቀና ይበል፣ አለዚያ ጉልበታችሁ እንጂ እናንተ አትሰሙትም። ለመስማት ብላችሁ ቮልዩም ስትጨምሩ ፊት ለፊት ያለው ሰው ጆሮው ይደክማል።

ከአምፕሊፋየር ወደ ካቢኔት የሚሄደው የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ አትጠቀሙ፤ ቀጭን ነው፣ ይሞቃል። ቀላል ካቢኔት ቮልዩም ሲበዛ በራሱ ንዝረት መንሸራተት ስለሚችል ከሥሩ የላስቲክ ምንጣፍ አድርጉ። አምፕሊፋየራችሁ የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለው ከ35 እስከ 40 ኸርዝ ላይ አብሩት። የአየር ቀዳዳ ያለው ካቢኔት ከተቃኘበት በታች ሲመታ ኮኑ ድምፅ ሳያወጣ በከንቱ ይወዛወዛል፤ ይህ ማጣሪያ ስፒከሩን ያድነዋል፣ ድምፁንም ያጠራዋል።

የመጀመሪያ ሥራችሁን በአዲሱ ካቢኔት ስትሠሩ ባሱን እንደ ድሮው አትጨምሩ። መሃል ላይ ጀምሩ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ ከበሮ መቺውን «ይሰማሃል?» በሉት፣ ከዚያ 100 እና 200 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ አንሱ። ድሮውን ካቢኔት ደግሞ ወዲያው አትሽጡት። አንድ ትንሽ ክለብ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ አንድ ሠርግ በአዲሱ ሠርታችሁ፣ ያችን የመጀመሪያዋን ወረቀት አውጥታችሁ አስተያዩ። የተጻፈው ሁሉ ከተሟላ ከባዱን ለልምምድ ክፍል ላለው ባንድ ሽጡት። እዚያ አንዴ ከገባ ማንም አያንቀሳቅሰውም፣ ድምፁም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።